የውባንተ ቋሚና የአሰለፈች ጭቃ

አሰለፈች የባሏን ቋሚ ያጣችው አመስግና፣ መርቃ፣ በላዩም ጠላ ጠምቃ ነው። እስከ ዛሬ አንጀቷን የሚያሳርራት ይኸው ነው። ቢነጥቋት ኖሮ ትጮህ ነበር፤ መጮህ ደግሞ ታውቅበታለች። ሰውዬው ግን ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ መጣና «እቴ፣ እኔ እያለሁልሽ አንቺ ምን አደከመሽ» አላት። እሷም ሞኟ «እድሜ ይስጥህ» አለችው። እድሜውንስ ሰጠው፤ ይኸው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል።

ሰውዬው ዓለምነው ይባላል፤ የሟች ባሏ የውባንተ ታናሽ ወንድም ነው። ቋሚው ደግሞ ከገሳይ ከተማ ተነስተው ወደ ጉና ተራራ ሽቅብ በእግር በሚደርሱባት በአስታ ሜዳ መንደር፣ የመሰብሰቢያ አዳራሹን ጣሪያ ከተሸከሙት የጥድ እንጨቶች አንዱ ነበር። ለአንድ እንጨት ይህ ሁሉ ቁጣ ምንድን ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው አስታ ሜዳ አልኖረም።

አዳራሹ የመንግሥት አይደለም። የመንግሥት የነበረው፣ ቆርቆሮ የለበሰው፣ ደርግ በወደቀ ሰሞን አለቀለት፤ ቆርቆሮውን ማን እንደወሰደው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ሰዉ ጥቂት ዓመት በዛፍ ሥር፣ ሲዘንብም በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሲሰበሰብ ቆይቶ ካህናቱ ሲሰለቹት የራሱን ሊሠራ ተስማማ። እያንዳንዱ ቤት አንድ ጥድ ቆርጦ፣ ጠርቦ፣ ተሸክሞ አመጣ፤ ያመጣውንም በእጁ ተከለ። ከዚያ ወዲህ ሰው አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው የቤቱን ቋሚ ተደግፎ ነው። ንግግርም የሚዞረው በቋሚዎቹ ተራ ነው። ቋሚ ያለው ቤት ከጥብቁ ሣር ድርሻ አለው፣ ውሃ ሲከፋፈል ይጠራል፣ ሲበደል ይደመጣል። ቋሚ የሌለው በሩ አጠገብ ይቆማል፤ ከፈቀዱለት ይናገራል፣ ካልፈቀዱለት ሰምቶ ይሄዳል።

አሰለፈች ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ውባንተ ወገቡን ያመው ስለነበር ጥዱን ከገደሉ ሥር ያወጡት ሁለት ሆነው ነው፤ በወፍራሙ በኩል የያዘችው እሷ ነበረች። ይህን የሚያስታውስ ሰው አሁን የለም። የሷ ትከሻ ግን ክረምት በገባ ቁጥር ያስታውሳታል።

ቋሚው የወንዶቹ ነው፤ ግድግዳው ግን የሴቶቹ ነው። በየዓመቱ መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲያቆም ወንዶቹ ከጉና ጓሳ አጭደው ክዳኑን ይጠግናሉ፤ ሴቶቹ ጭቃ ያቦካሉ። ጭድ ይነሰንሱበታል፣ በእግራቸው ይረግጡታል፣ ሸፍነው ያሳድሩታል፣ እንደገና ይረግጡታል። ሲሸት ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዷ ሴት ከቤቷ ቋሚ እስከ ቀጣዩ ቋሚ ያለውን ድርሻዋን ትመርጋለች፤ የሌላዋን ድርሻ የሚነካ የለም። አንዷ ስታረጅ ወይም አገር ለቃ ስትሄድ፣ የመጀመሪያውን ጭቃ ድብልብል አድርጋ በተተኪዋ መዳፍ ላይ ታኖራለች። ጭቃ ያልተቀበለች ሴት ግድግዳውን አትነካም። ይህን ማን እንደደነገገው አይታወቅም፤ ወንዶቹም ስለ ጭቃ ጠይቀው አያውቁም።

የጭቃው አለቃ አሰለፈች ነበረች። የሾማት ሰው የለም፤ ምላሷ ነው የሾማት። ጭዱ ሲያንስ ትቆጣለች፣ ውሃው ሲበዛ ትቆጣለች፣ እግሯን በጭቃው ላይ እየቆጠበች የምትሽኮረመመውን ሙሽራ «እናትሽ ቤት ያደግሽው ምንጣፍ ላይ ነው እንዴ?» ትላታለች። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ እየሳቁም ይረግጣሉ። የልብ ወዳጇ አበበች፣ አሰለፈች ያልተቆጣችበት ዓመት ግድግዳው ይሰነጠቃል እያለች ታሾፍባት ነበር።

ውባንተ ሆዱን ታሞ ደብረ ታቦር ድረስ ወስደው ቢያሳክሙትም አልተረፈም። ተዝካሩ ከወጣ በኋላ በዋለው የመጀመሪያ ስብሰባ አሰለፈች ጥቁሯን እንደለበሰች ገብታ ከባሏ ቋሚ ሥር ቁጭ አለች። ሴት ቋሚ ተደግፋ አታውቅም፤ አትደገፍ ያለ ደንብ ግን የለም። ሰብሳቢው ቄስ ማሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስብሰባውን ቀጠሉ። እሷ ጀርባዋን ስታስደግፍ እንጨቱ ላይ አንድ ለስላሳ ቦታ አገኘች፤ የውባንተ ጀርባ ለዓመታት አሽቶ አሽቶ እንደ ቀንድ ያብለጨለጨው ነው። ለቅሶ ላይ ያልወጣ እንባ ያን ጊዜ መጣባት፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ተራዋን ጠበቀች።

ተራዋ ሲደርስ ትናገራለች፤ አታሳጥርም ደግሞ። በየስብሰባው ተናገረች። አንድ ቀን በጎቻቸውን እያሾለኩ ጥብቁን ሣር የሚያስግጡትን ሰዎች በስማቸው ጠራቻቸው። ከተጠሩት አንዱ ዓለምነው ነበር። ያን ዕለት ሳቀ፤ ጥርሱን መንከሱን ያየለት ሰው አልነበረም።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ዓለምነው ልጁን ደረጄን ዳረ። ደረጄ ጎጆ ወጣ፣ ቋሚ ግን የለውም። የአዳራሹ ግድግዳ ሞልቷል፤ አዲስ ቤት ቦታ የሚያገኘው አንድ ቋሚ በስብሶ ባለቤቱ የሚተካው ሲያጣ ነው። ግንቦት ላይ አሰለፈች አንበሳሜ ያገባች ብቸኛ ልጇ ስርጉት ወልዳ፣ ልታርሳት ጓዟን ስትሸክፍ ዓለምነው መጣ። የወንድሜ ቋሚ ሥሩ በስብሷል፣ ክረምቱን አይዘልቅም፣ ጣሪያው ሰው ላይ ይወርዳል አላት። አማቼ መጥቶ ይቁረጥልኝ ብትለው፣ ምን ሲደረግ፣ ወንድሙ እያለሁ ባዳ ይገባል ወይ ብሎ ተቆጣ። ደስ አላት። ለሠራተኞቹ ጠላ ጠምቃ ለአበበች አደራ ሰጠችና መርቃው ወደ አንበሳሜ ወረደች።

ተመልሳ በመጀመሪያው ስብሰባ ወደ አዳራሹ ስትገባ አዲስ ቋሚ ተተክሏል። ሥሩ ደረጄ ተቀምጧል።

የሚነሳላት መስሏት ቆማ ጠበቀች። አልተነሳም፤ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቀለ። ዓለምነው ከወዲያ ማዶ ሆኖ፣ እንደሚያባብል ሰው፣ ቋሚ የሚገባው ለተከለው ሰው መሆኑን፣ የተከለው ደረጄ መሆኑን፣ እሷ ደግሞ የሁሉም እናት ስለሆነች በሩ አጠገብ ከሴቶቹ ጋር ብትሆን እንደሚሻላት፣ ነገር ካላትም እሱ እንደሚናገርላት አስረዳት። ይናገርልኛል! ያፏን ቃል ለሱ ልታውስ ነው እንግዲህ። ወደ ቄስ ማሩ ዞረች። ቄስ ማሩ መቋሚያቸውን እያዩ ደንቡማ ይኸው ነው አሉ። የድሮው እንጨትስ የት ነው ብላ ጠየቀች። በስብሶ ማገዶ ሆነ ተባለች።

ቤቷ ገብታ እሳት ሳታነድ ተቀመጠች። በዓለምነው ብቻ አይደለም የተናደደችው፤ በራሷም ጭምር ነው፤ በዚያች «እድሜ ይስጥህ» በምትል ምላሷ። ለሠርጉ ዶሮ የሠራችለት፣ ሚስቱን በወለደች ቁጥር ያረሰችለት እሷ ናት። ስርጉት ስልክ ደውላ እዚያ ምን አለሽ፣ ወደኔ ነይ ስትላት፣ ጮኻባት ዘጋችው። ኋላ መልሳ ደወለችና ይቅርታ ጠየቀቻት፤ አልመጣም ያለችውን ግን አላነሳችም።

ጥቅምት ላይ የጭቃው ጊዜ ደረሰ። አሰለፈች እንደ ልማዷ ቀድማ ተገኘች፤ ውሃ ቀዳች፣ ጭድ ነሰነሰች፣ ረገጠች፣ ተቆጣች። ቁጣዋ በርዶላታል ተባለ። ጭቃው ደርሶ ሴቶቹ ወደየድርሻቸው ሲሄዱ እሷ እጇን ታጠበች። የደረጄ ሚስት እመቤት፣ ያኔ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር፣ መጥታ መዳፏን ዘርግታ ቆመች። ጭቃ የሚያኖርባት የለም። ልጅቷ አሳዘነቻት፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ነው ያሳዘነቻት። ግን አላቀበለቻትም። ዓለምነው ከክዳኑ ላይ ሆኖ ዝም ብለሽ ምረጊ ብሎ ቢጮህ እመቤት መሬት መሬቱን እያየች መዳፏን ሰበሰበች።

ይኼኔ አሰለፈች ዶማ አነሳች። ከቋሚው እስከ ቀጣዩ ቋሚ በየዓመቱ በእጇ የደራረበችውን ጭቃ ከላይ እስከ ታች እያፈረሰች አወረደችው። ማገሩ ብቻ ቀረ፤ በማገሩ ውስጥ የአዳራሹ ሆድ ወለል ብሎ ታየ። ወንዶቹ ሊይዟት ወርደው ነበር፤ ሴቶቹ ከፊታቸው ቆሙ። አበበች ጭቃ በጭቃ በሆነ እጇ አንዱን ገፋ አድርጋው ጋቢውን አበላሸችበት።

«ቋሚው የደረጄ ነው ብላችኋል፤ ይሁን» አለች አሰለፈች እያለከለከች። «ጭቃው ግን የኔ ነው። ጭቃዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

ፍርስራሹን በቅርጫት እያመላለሰች ወስዳ ድንች ማሳዋ ላይ በተነችው።

ኅዳር ገባ፤ የጉና ነፋስ መጣ። ነፋሱ ማንንም አይለይም፤ በዚያ ክፍተት ሰተት ብሎ ይገባና የሽማግሌዎቹን ጀርባ ያንዘፈዝፋል። የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተው ቢሰቅሉበት ሲንጓጓ ሰው የሚናገረው አይሰማም። አንዱ ሲያስነጥስ፣ ሌላው ጋቢውን ሲጎትት፣ አንድ ነገር ሳይቆርጡ ይበተናሉ። ሌሎቹ ሴቶች እንዲመርጉት ቢለመኑ የአሰለፈች ድርሻ ነው ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ሽማግሌ ተልኮ ቤቷ መጣ። ዳቦ ቆርሳ፣ ጠላ ቀድታ፣ በአክብሮት አስተናግዳ ባዶ እጁን ሸኘችው። በመጨረሻ ዓለምነው፣ እንግዲህ ካስቸገረች ከእድር ትውጣ፣ ስትሞት ማን እንደሚቀብራት እናያለን ማለቱን ሰማች።

ይቺ ቃል ልቧን ወጋቻት። ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረች። አበበች በነጋታው እያለቀሰች፣ ተይው በቃ፣ በጭቃ ምክንያት እንደ ውሻ መጣል ነው ወይ ብላ ለመነቻት። የአሰለፈችም ልብ ወደ መተው አዘንብሎ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ የእመቤት ልጅ ክርስትና ደረሰ። ወንድ ነው። ብትቀር ቂመኛ ትባላለች፤ ከዚያም በላይ ልጁ የውባንተ ሥጋ ነው። ሄደች። ድግሱ የተደገሰው ዓለምነው ቤት ነው፤ በደጁም አዲስ የበግ ቤት ሠርቷል። ሴቶቹ ለእንግዳ መቀመጫ የሚሆን ገለባ ከዚያ አምጪልን ብለው ላኳት። ጎንበስ ብላ ስትገባ ጭንቅላቷን እንዳይመታት እጇን ወደ በሩ ጉበን ሰደደች። መዳፏ ለስላሳ ቦታ ላይ አረፈ።

ቀና ብላ አላየችም መጀመሪያ። እጇ ነው ያወቀው። ዳሰሰችው፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደዚያው። ከዚያ ቀና አለች። ከበሩ በላይ የተጋደመው የውባንተ ቋሚ ነው። የበሰበሰ ነገር የለበትም፤ ጥፍሯን ብትተክልበት እንኳ አልገባም።

ጮኸች እንዴ? አልጮኸችም። ገለባውን ታቅፋ ወጣች፣ አነጠፈች፣ የቀረበላትን በላች፣ ሕፃኑን ስማ መረቀች። በክርስትና ቤት ነገር አይነሳም። ዓለምነው ራሱ ጠላ ቀድቶ ሰጣት፤ ተቀብላ ጠጣችው። ያን ጠላ እንዴት እንደዋጠችው እሷ ታውቃለች።

በቀጣዩ ስብሰባ በበሩ አልገባችም። ከውጭ ዞራ በክፍተቱ በኩል መጣችና ከረጢቱን ገንጥላ ጣለችው። ሰዉ ዘወር ሲል ፊቷ በማገሩ መሃል ነበር፤ ነፋሱም ከኋላዋ ይገባል።

«አባ ማሩ፣ ቁሚ ብላችሁኛል፣ ቆሜያለሁ» አለች። «የቆምኩት በድርሻዬ ላይ ነው። የውባንተ ቋሚ አልበሰበሰም። ከዓለምነው የበግ ቤት በር ላይ ተጋድሟል። አንቱ ለዓመታት አጠገቡ የተቀመጡ ኖት፤ ሄደው ይዳስሱት።»

ዓለምነው እብደት ነው፣ ጥድ ሁሉ ይመሳሰላል እያለ ተነሳ። ቄስ ማሩ ግን ቀድመውት ወጥተዋል። ሰው ሁሉ ተከትሏቸው ሄደ። ቄስ ማሩ እጃቸውን ዘርግተው ጉበኑን ዳሰሱት፤ ብዙ ዳሰሱት። ከዚያ እጃቸውን ሳያወርዱ ዓለምነውን በስሙ ብቻ ጠሩት። ዓለምነው መጀመሪያ ማለ። ኋላ ልጄ የሚቀመጥበት አጣ አለ። ኋላ ደግሞ እሷ ወደ ልጇ የምትሄድ መስሎኝ ነው አለ። ምላሷን ፈርቶ እንደሆነ ግን አልተናገረም፤ ሁሉም ገባው።

ጉበኑን አፍርሰው አወረዱት። መሬት ላይ ሲጋደም አሰለፈች ጫፎቹን አየች። ከበሩ ስፋት ጋር እንዲገጥም በሁለቱም በኩል በመጋዝ ተቆርጧል። ቢተከል የጣሪያውን እንጨት አይነካም፤ ከአንድ ክንድ በላይ ያጥራል። የተሸከመችው ወፍራሙ ጫፍ የለም።

«ቆረጥከው?» አለችው።

ጎንበስ ብላ በመጋዝ የተቆረጠውን ጫፍ በመዳፏ ዳሰሰችው።

ዓለምነው በግ ልካስ አለ፤ ሁለትም በግ ልስጥ አለ። ሽማግሌዎቹ እርቅ፣ እርቅ ማለት ጀመሩ። በጉን ራሱ ይብላው ብላ ዞር አለች፤ እንጨቱን ግን አስያዘቻቸውና ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ደረጄ ቀድሟት ገብቶ ኖሮ ከቦታው ተነስቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ሄዶ ቆመ። አሰለፈች የባሏን እንጨት በአዲሱ ቋሚ ሥር በሁለት ድንጋይ ላይ አስጋደመችውና ተቀመጠችበት። ለስላሳውን ቦታ ወደ ላይ አድርጋ ነው ያስጋደመችው።

ቄስ ማሩ ንግግሩ እንደ ደንቡ በተራ ይዙር አሉ። ዞረ። አንዱም ብዙ አልተናገረም። ተራው ከሷ ደረሰ፤ «የውባንተ ቋሚ» ብለው ጠሩ ቄስ ማሩ። ሰው ሁሉ እርግማን፣ ወይም እንባ፣ ወይም ይቅርታ ጠበቀ። ነፋሱ ከጀርባዋ ይገባል።

«በርዶኛል» አለች። «ጭቃ ይቦካ። የሚረግጠው ዓለምነው ነው።»

ጉምጉምታ ተነሳ። ወንድ የአዳራሹን ጭቃ ሲረግጥ ታይቶ አይታወቅም፤ ያውም በታኅሣሥ ውርጭ። ዓለምነው ወደ ቄስ ማሩ ዞረ። ቄስ ማሩ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው ተራዋ ነው፣ ተናግራለች አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ዓለምነው ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃው ውስጥ ገባ። ሴቶቹ ሁሉ መጥተው ቆመዋል፤ እመቤትም ልጇን አዝላ ከዳር ነበረች። የሳቀ ሰው የለም። ውሃው ውርጭ ነው፤ እግሩ ቀልቶ ከዚያም ጠቁሮ አየችው፤ አላዘነችለትም። ዙሪያውን እየዞረች ጭድ ትነሰንሳለች። ሲረግጥ ቆይቶ፣ ትንፋሹ እየጨሰ፣ ቀና ብሎ አያት።

«እቴ፣ አልበቃም?» አላት።

አሰለፈች ጎንበስ ብላ ከጭቃው ዘገን አደረገች። በጣቶቿ መሃል አሸችው፤ ወደ አፍንጫዋም አስጠግታ አሸተተችው።

«ገና ነው» አለችው፤ ጭድም ጨመረችበት።